ጥፍር ቀለም የነካው ማርሽ

ግቢው ጠባብ ነው። መኪናው ደግሞ ጠባብ ነገር አይቶ በማያውቅ አገር የተሠራ፣ ደረተ ሰፊ ፎር ዊል። አሮጌ ሆኖ ከባሕር ማዶ መጣ፣ እዚህ መጥቶ ደግሞ ይበልጥ አረጀ። አሁን አራቱም ጎማዎቹ ወልቀው ድንጋይ ላይ ተሰቅሏል። ከግቢው ተከራዮች ልብስ ልታሰጣ የወጣች ሴት ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ በጎኗ ተንሸራታ ነው የምታልፈው። የትንሿ ክፍል በር ግማሹን ብቻ ይከፈታል፤ የቀረውን ግማሽ የመኪናው ጀርባ ይዞታል።

ትንሿ የምትባለው ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች አባቷ በዚያው ጠርተዋት ቀሩ፤ ሰፈሩም ከአባቷ ተቀበለ። የተማረችው አዋላጅ ነርስነት ነው። የምትሠራው ግን ከቤቷ ማዶ ባለ ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ካርድ እያወጣችና እየመለሰች ነው። ሥራውን ያገኙላት አባቷ ናቸው፤ የመረጡትም ከበረንዳቸው ስለሚታይ ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው፤ ደረጃ ላይ ከወደቁ ወዲህ በከዘራ ይሄዳሉ።

ከተራራው ማዶ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ አጥቶ ተቀምጧል። ቦታውን ለትንሿ ይዘውላታል፤ የሚጠብቋት ግን ዝናቡ እስኪገባ ብቻ ነው። ዝናብ ከገባ መንገዱ ይዘጋል፣ መንገዱ ከተዘጋ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ፣ «በመኪናዬ ከሆነ ሂጂ። ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ የምትሄድ ልጅ ግን የለችኝም» አሉ። እሷም እሺ አለች። መኪናውን ራሷ እየነዳች ለሙከራ ባወጣችበት ቀን፣ ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረ። ተጎትቶ ገባና ድንጋይ ላይ ወጣ።

ያን ቀን የተጠራው ሜካኒክ ብሎን ይባላል። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው፤ አንዴ ከጠበቀ አይላላም ለማለት ነው። አፉም እንደዚያው ነው፤ አንድ ቃል ለማውጣት ከእሱ ጋር መታገል ያስፈልጋል። ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲወጣ በእጁ ሁለት ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ይዞ ነበር። መኪናው ጭቃና ዳገት ሲገጥመው ጉልበቱን ለአራቱም ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን ውስጥ የነበረ ማርሽ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ችግሩ የዚያ ዓመት መኪና ማርሽ ከሌሎቹ ዓመታት በአንዲት ጥርስ ይለያል። ሲያዩት ያው ነው፣ ሲገጥሙት አይገባም።

«ሲስተር፣ ምልክት የሚሆን ቀለም አለሽ?» አላት። «ገበያ ውስጥ ናሙና ከናሙና ይለዋወጣል።»

ክፍሏ ገብታ ቀይ የጥፍር ቀለሟን ይዛ ወጣች። የእሱ ጣቶች ዘይት ስለነበሩ እሷ ቀባችው፤ ከረገፉት አጠገብ ያለችውን አንዲት ደህና ጥርስ። እሱ ማርሹን በሁለት እጁ ይዞ፣ እሷ ብሩሿን ይዛ ተንበርክከው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ጥፍር ቀለም ቶሎ ይደርቃል። እነሱ ግን አልተነሱም። ፍቅር የሚጀምርበትን ቦታ አያማርጥም መቼም፤ የእነሱ የጀመረው ዘይት የጠጣ አፈር ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብሎን ከጋራዥ ሲወጣ አመሻሹ ላይ ይመጣል። ትንሿ የበሩን መቀርቀሪያ ሰምታ በጎኗ ተንሸራታ ትወጣለች።

«ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ ሲስተር። የሚመስል አየሁ፤ አልገጠመም።»

«ናሙናውን እንዳትጥለው ብቻ።»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ማርሹ እስኪገኝ ተብሎ ፍሬኑ ተሠራ፣ መብራቱ ተሠራ፣ ለዓመታት አልከፈት ያለው የኋላ በር እንኳ ተከፈተ። መኪናው ከመሄድ በቀር ሁሉን ነገር ቻለ። ሻዩን የመኪናው መርገጫ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠጣል፤ በረንዳው ላይ ና ያለው የለም። አባቷ ስለ እሱ ሲጠየቁ «እጁ ወርቅ ነው» ይላሉ፣ ቀጥለውም «ጋራዡን ይባርክለት» ይላሉ። ምርቃቱ የት ድረስ እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። ትንሿ ስትነጫነጭ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል።

«እንቁላሉማ ሄዷል አባዬ። የቀረው መኪናው ነው።»

ብሎን ሲሄድ እሷ የሾፌሩ ወንበር ላይ ትወጣና መሪውን ትይዛለች። ፊት ለፊቷ የተዘጋ የብረት በር አለ። «አልተገኘም» ባላት ቁጥር አንጀቷ ይቆረጣል። ደግሞ ወዲያው፣ ነገም ይመጣል ማለት ነው ብላ ደስ ይላታል። በዚያ ደስታዋ ታፍራለች፤ አፍራም ታቅፈዋለች።

*

ዓርብ ዕለት ካርድ ክፍል ስልክ ተደወለላት። ከጤና ጣቢያው ነው። «ደመናው ወደ እኛ ዞሯል እህቴ» አላት ደዋዩ። «ከመጣሽ አሁን ነው። ትናንት አንዷን በቃሬዛ አውርደናት መንገድ ላይ ነው የወለደችው። እግዜር አወጣት እንጂ እኛማ ቆመን ማየት ነው ሥራችን።»

ስልኩን ዘጋች። እጇ ላይ የነበረውን ካርድ የማይሆን ቦታ መለሰችው። ከዚያ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች። ብሎንን ሥራ ይዞት ይሆናል፣ ዛሬ እኔው እፈልጋለሁ ብላ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ሄደች። አባቷ «የሴት ቦታ አይደለም» የሚሉት መንደር ነው። እዚያ መሪ የሌላቸው መኪኖችና መኪና የሌላቸው መሪዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሮች በሮች ላይ ተደግፈዋል፤ የጎን መስታወቶች ሰማዩን እያሳዩ በጀርባቸው ተኝተዋል።

የጠየቀችው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚመልስላት። «ናሙናሽስ?»

ናሙና የላትም። ናሙና ሳይዙ እዚያ መንደር መግባት ስሙን ሳያውቁ ሰው መፈለግ ነው። በመጨረሻ አንዱ አዘነላትና፣ «የዚያ መኪና ነገር ካላት እትዬ ፍሬን ናት» ብሎ ጠቆማት።

እትዬ ፍሬን ከመኪና የወለቀ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተንሰራፍተው ተቀምጠዋል። ፍሬን ያሏቸው ምላሳቸው ፍሬን ስለሌለው ነው። ትንሿ ገና የመኪናውን ዓይነትና ዓመቱን ተናግራ ሳትጨርስ፣

«ሁለት ጥርሱ የረገፈው?» አሏት።

«አዎ! አዎ፣ እሱ!»

«አይ የኔ ልጅ፣ እሱማ ሄደ። አንድ ነበረኝ፤ ከተገለበጠ መኪና ላይ በእጄ ነው የፈታሁት። አንድ ዝምተኛ ልጅ መጥቶ ወሰደው። ገና በጋው ሳይጋመስ።» እየተናገሩ ወደ ጎን ዘንበል ብለው በርሜል ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። «ናሙናው ራሱ እዚህ የሆነ ቦታ አለ። እኔ ጋ ሕጉ አንድ ነው፤ የሞተውን ጥለህ የዳነውን ውሰድ። ተተኪ ያላገኘ ሰው ናሙናውን ጥሎ አይሄድማ! ይኸው። አንድ ጥርሱን እንደ ሙሽራ ቀለም ቀብተውታል፣ እያሳቀኝ አልሸጠውም ብዬ ቀረሁ።»

ትንሿ ማርሹን ተቀበለች። ቀለሙ ዳር ዳሩ ተልጧል፤ መሃሉ ግን አለ። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የብሩሿ መንገድ ሳይቀር ይታወቃል።

«ልጁ... ሲወስደው ምን አለ?» አለች።

«ምን ይላል፣ ሳቀ እንጂ! ይኼ አፍ የሌለው ልጅ ጥርስ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማርሹን እንደ ሕፃን አቅፎት ሮጠ። በዕቃ እንደዚያ የተደሰተ ሰው እኔ በበኩሌ አላየሁም።» ከዚያ ፊቷን አዩና ድምፃቸው ወረደ። «ምነው እናቴ? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ምን አበላሸሁ?»

«ምንም አላበላሹም። ይህን ልውሰደው?»

«ውሰጂው። ለእኔ ብረት ነው።»

ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መንገዱን ሙሉ ቦርሳው ትከሻዋን ወደ አንድ ጎን ሲጎትታት ሄደች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት አልነበረም፤ ሐፍረት ነበር። እነዚያን ሁሉ አመሻሾች አሰበች። የመቀርቀሪያውን ድምፅ ስትሰማ ፀጉሯን በእጇ የምታስተካክለውን ሴት አሰበች፤ «አልተገኘም» ሲላት «አይዞህ» የምትለውን። አይዞህ ትለው ነበር! ሳቀባት ማለት ነው። እንዲህ የተዋረደችበትን ጊዜ አታስታውስም።

*

እቤት ስትደርስ ብሎን መኪናው ሥር ተኝቷል። የሚታየው የጫማዎቹ ሶል ብቻ ነው። ለማንም ሰው ጫማ እያየ መጣላት ከባድ ነው፤ እሷ ግን ፊቱን ብታየው እንደምትሸነፍ ስለገባት ጫማው ይበጀኛል አለች።

«ብሎን።»

«አቤት፣ ሲስተር።»

«ተገኘ?»

ከመኪናው ሥር የመፍቻው ድምፅ ትንሽ ዘገየ። «አልተገኘም።»

«ናሙናውስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ማርሹን ከቦርሳዋ አወጣች። ጎንበስ ብላ በመሬቱ ላይ ገፋችው፤ እየተንከባለለ ሄደና የሆነ የሰውነቱ ክፍል ላይ ቆመ። የመፍቻው ድምፅ ጸጥ አለ። የሚንቀሳቀሱት ጫማዎችም ደረቁ።

«ውጣ» አለችው።

ወጣ። ማርሹን ደረቱ ላይ ይዞታል። ፊቱ ላይ ዘይት አለ፣ ከዘይቱ ሥር ደም የለም።

«አዲሱ የት ነው?»

«እዚሁ ነው።»

«እዚሁ የት?»

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር። በጋዜጣ ጠቅልዬ።»

ትንሿ የመኪናውን በር ተደገፈች። «እኔ እኮ እዚያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። መሪ እየያዝኩ እቀመጣለሁ። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እላዩ ላይ ተቀምጬ ነበር የምጠብቀው?»

ብሎን ማርሹን በመዳፉ ሸፈነው።

«ለምን?» አለች። ዝም አለ። «ለምን እልሃለሁ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአንተ ግን ነቅዟል፣ ውስጡን በልቶ ጨርሶታል። ተናገር!»

«መኪናው ሲነሳ አንቺ ትሄጃለሽ» አለ ብሎን። ቃሎቹ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። «እኔ በዚህ በር የምገባበት ምክንያት አይኖረኝም። የጋሼ ቤት የተበላሸ መኪና ከሌለው ለእኔ በር የለውም።»

«ምክንያት? መጥተህ ‹አንቺን ብዬ ነው› ማለት አቅቶህ ነው እኔንም ድንጋይ ላይ የሰቀልከኝ?»

«አቅቶኝ ነው።»

ይህንን ሲል ዓይኗን አየ። ውሸት ቢጨምርበት፣ ቢምል፣ ቢገዘት ደስ ባላት ነበር፤ ለመጥላት ይመቻታል። እሱ ግን ያለውን ብቻ አለና ቆመ።

«ከተራራው ማዶ ሴቶች አሉ» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ትናንት አንዷ መንገድ ላይ ወለደች። አንተ ሻይ እየጠጣህ እኔን ስታይ እነሱ ማንን ይዩ? ነገ ጠዋት መጥተህ ትገጥመዋለህ። ከዚያ በኋላ በዓይኔ እንዳላይህ።»

«እሺ።»

አሁንም እሺ ብቻ! ቢቃወማት ኖሮ ምናለ? ያን ያህል ጊዜ አስሮ ያስቀመጣት ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎትታት መልቀቁ ከሁሉ በላይ አመማት።

*

«ልጁን ተይው።»

አባቷ ናቸው። ከበረንዳው ወርደው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው የመኪናው አፍንጫ ጋ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ማለፍ አይችሉም፤ ለእሳቸውና ለከዘራው የሚሆን ቦታ የለም።

«እኔ ነኝ የለመንኩት» አሉ። «ማርሹን አቅፎ እየሮጠ መጣ። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሳቁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳምንት ስጠኝ አልኩት። ልሰናበታት፣ ሳምንት ብቻ። ሽማግሌ ሲለምነው ምን ይበል? ሳምንቱ አለፈ። እሱም አላወራ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሁለት ሌቦች አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ መቼም ሰላም ተባብለው ነው የሚተላለፉት።»

ትንሿ ወደ ብሎን ዞረች። «ይህንን ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳምንቱ የጋሼ ነበር» አለ። «የቀረው የእኔ ነው። የእኔን በእሳቸው ላይ አልጭንም።»

ሳቀች። ደስ የማይል፣ ሳልም ሳቅም ያልሆነ ነገር ነው ከጉሮሮዋ የወጣው። «ሁለታችሁም ወደዳችሁኝ ማለት ነዋ! ጎሽ! ብትጠሉኝ ኖሮ እኮ ይኼኔ ደርሼ ነበር።»

በጎኗ ተንሸራታ፣ በበሩ ግማሽ ክፍሏ ገባች። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ናት፤ ከበሩ እስከ መኪናው ምንም። ብሎን መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ሲወጣ መቀርቀሪያውን ሰማች። ፀጉሯን አልነካችም።

ማልቀስ ስትጀምር ለእነሱ ብላ ነበር የጀመረችው። እያለቀሰች ግን አንድ ነገር መጣባት፣ ብታባርረውም አልሄድ አለ። ዕቃ ተራ ሩቅ አይደለም። በጋውን ሙሉ ለምን አንድ ቀን ራሷ አልሄደችም? አባቷ የሴት ቦታ አይደለም ስላሉ? አባቷ ያሉትን ሁሉ መቼ ሰምታ ታውቃለች? ያልሄደችው ማርሹ ሊገኝ ይችላል ብላ ስለፈራች ነው። ማዶ ሄዳ ያን ሁሉ ኃላፊነት ብቻዋን መሸከም ፈርታለች፤ እዚህ ደግሞ በየአመሻሹ አንድ ዝምተኛ ሰው ይመጣል። የታሰረችበትን ገመድ እሷም ከዳር ይዛ ነበር። ይህንን ካወቀች በኋላ እንባዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ከዘራው በሩ ላይ ኳ ኳ አለ። አባቷ መግባት አልቻሉም፤ በክፍተቱ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚታየው።

«ትንሿ። ያን የተራራ መንገድ የቀየሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም አባዬ።»

«እኔ ነኝ። ገና ሳትወለጂ። ገደሉን በስም አውቀዋለሁ፤ የትኛው ጋ አፈሩ እንደሚናድ፣ የትኛው ጋ ጭጋግ እንደሚተኛ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲሄድበት መንገድ ቀየስኩ። የራሴ ልጅ ልትሄድበት ስትል መልሼ ዘጋሁት። ይኸው ነው ጥፋቴ።»

«እኔ ስሄድ አንተን ማን ያይሃል?»

«ተከራዮቹ አሉ። ደግሞስ እኔ ከከዘራዬ ጋር ሦስት እግር አለኝ። ሦስት እግር ያለው ነገር አይወድቅም፤ የቀያሽ መነጽር ስተክል የኖርኩት በሦስት እግር ነው።»

እንባዋ ላይ ሳቅ መጣባት። እጇን በበሩ ክፍተት አወጣችና የአባቷን እጅ ያዘች። እሳቸውም ጨበጧት፤ ጠንክረው ጨበጧት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ለቀቁ። የለቀቁት እጅ ከያዙት ይልቅ ከበዳት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ብሎን መጣ። ከወንበሩ ሥር የጋዜጣውን ጥቅል አውጥቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ትንሿ መሣሪያ አቀባይ ሆነች። አይነጋገሩም፤ እሱ እጁን ይዘረጋል፣ እሷ የሚፈልገውን ታውቃለች። በጋውን ሙሉ ተምራዋለች። አንዴ ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም እንደ ጋለ ብረት ሸሹት።

ማርሹ ገባ። ሳጥኑ ተዘጋ፣ ዘይቱ ተሞላ፣ ጎማዎቹ ተመለሱ። መኪናው ከድንጋዮቹ ሲወርድ ግቢው ተንቀጠቀጠ። ቁልፉን ስታዞረው ሞተሩ አንዴ አጉረመረመ፣ ከዚያ ያዘ። ተከራዮቹ በመስኮት አጨበጨቡ። ብሎን አላጨበጨበም። ጆሮውን ወደ ድምፁ አዘንብሎ ሰማና ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነው ማለቱ ነው። መኪና እንዲህ ጥሩ ሆኖ የተሠራበት፣ ሠሪውም እንዲህ የከፋው ቀን መቼም አይገኝም።

ሻንጣዋን ጫነች። አባቷን ሳመች፤ ጉልበታቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ እጃቸውን። ብሎን የብረቱን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፍቶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። በአጠገቡ ስታልፍ መስኮቷ ክፍት ነበር፤ እሱ መሬት መሬት ነው የሚያየው። አለፈችው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሯት አልወጣ አለ።

«አንተ ልጅ!» የአባቷ ድምፅ ነው፣ ከበረንዳው። «በር መክፈት ብቻ ነው የምታውቀው? እኔ እንኳ ሽማግሌው አፌን ከፍቼ ለመንኩህ እኮ! ሩጥ እንጂ!»

በመስታወቱ አየችው። እየሮጠ ነው። መሣሪያው ሁሉ ከኪሱ እየወደቀ፣ አቧራውን እያስነሳ እየሮጠ ነው። እግሯ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ከዚያ መለሰችው። ብታቆም፣ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ተመልሳ የምትነሳ አልመሰላትም። መኪናው እንደምንም ይነሳ ይሆናል፣ እሷ ግን አትነሳም። ስለዚህ አጭሯን የማርሽ ዘንግ ይዛ ወደ ዳገት ማርሹ አወረደችው፣ ወደ አዲሱ። መኪናው አጉረመረመና እንደ ሰው መራመድ ጀመረ።

ብሎን ደረሰባት። በሩን ይዞ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ድምፁ... ድምፁ እንዴት ነው?» አለ።

«ስለ ማርሹ ልትጠይቀኝ ነው የሮጥከው?»

«አይደለም።»

«አላቆምም። የምትናገረው ካለ እየሄድክ ተናገር።»

ጥቂት እርምጃ ሄደ። ጥግ ላይ ያለው ባለ ሱቅ አንገቱን አውጥቶ ያያል፤ ሴቶች ባልዲያቸውን አስቀምጠው ያያሉ። ብሎን ሁሉንም አያቸው፣ አፈረ፣ ከዚያ ማፈሩን ተወው።

«እወድሻለሁ» አለ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። «የጥፍር ቀለም ይዘሽ ከወጣሽበት ቀን ጀምሮ። ልነግርሽ ፈርቼ ደበቅሁሽ። ሰው የወደደውን እንደ ዕቃ አይደብቅም። ይቅር በይኝ ብልሽ ደግሞ ቶሎ ነው።»

«ቶሎ ነው» አለች።

«እጠብቃለሁ።»

«እንዳትጠብቅ!» መሪውን ጨብጣ ወደ ፊት እያየች ነበር የምትናገረው፣ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሷል። «ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው የታሰርኩት። እኔም ስጠብቅህ ነው የታሰርኩት። ከእንግዲህ ማንም ማንንም አይጠብቅ።»

ብሎን እጁን ከበሩ ላይ ሊያነሳ አለ። አየችው። ሊለቅ ነው፤ እንደ ትናንቱ እሺ ብሎ ሊለቅ ነው።

«አልልቅም» አለ በድንገት። «ዛሬ እሺ አልልሽም። አትጠብቀኝ ካልሽ መጥቼ ላይሽ።»

መንገዱ አለቀ። ፊት ለፊታቸው አስፋልቱ ነው፣ ከአስፋልቱ በላይ ደመናው ጠቁሮ ተራራው ላይ ተቀምጧል።

«አሁን እንድትገባ አልፈልግም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ከገባህ አንተ ያደረስከኝ ይመስለኛል። ብቻዬን ልድረስ።»

«እሺ... አይ፣ ማለቴ ገባኝ።»

«ዝናብ ከጣለ መኪና አይገባም።»

«በእግርስ?»

«በጭቃው ከቻልክ።»

«እችላለሁ።»

«ብሎን።»

«አቤት።»

«ስትመጣ መፍቻ ይዘህ እንዳትመጣ። ማንም ምን ልትሠራ መጣህ ብሎ ቢጠይቅህ እውነቱን ንገረው።»

እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ወደ ፈጣኑ ማርሽ ቀየረች። ወደ ኋላ ማየት ፈልጋ ነበር፤ መስታወቱን በእንባዋ ምክንያት ማየት አልቻለችም። እያለቀሰች ነበር፣ እየፈራችም ነበር፣ ግን አላቆመችም።